ሮቢት ላይ የተነፈሰ ጎማ

ሐጂራ ጋዜጣ ስታነብ የመዝለል ዓመል ነበራት። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ወሬውም ከዚሁ ቢጀመር ይሻላል።

አባቷ ኢብራሂም የሸዋ ሮቢት ጎሚስታ ነበሩ። ከአስመራ አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና ጎማው ሲተነፍስ የሚቆመው እሳቸው ደጅ፣ ዋርካው ሥር ነው። ቁርኣን አቀላጥፈው ይቀራሉ፤ አማርኛ ግን ማንበብ አልተማሩም። ሐጂራ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ነበርና የቤቱ ዓይን እሷ ሆነች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሰው ሁሉ የራሱ እብደት አለው። አንዱ መጠጥ፣ አንዱ ክስ፣ አንዱ የሰው ሚስት ያሳብደዋል። ኢብራሂምን ያሳበዳቸው የብስክሌት ውድድር ነው። እሳቸው ራሳቸው ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም፤ አንድ ቀን ሞክረው የሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠና በዚያው በቃቸው። የጎማ ነገር ግን ይገባቸዋል። በሬ የሚወድ ሰው ገበያ መሐል በሬ እንደሚያይ፣ እሳቸውም ያቺን ቀጭን ጎማ ሲያዩ ሥራ ይፈታሉ። የአውቶቡስ ሹፌሮች ዓመላቸውን አውቀው የብስክሌት ሥዕል ያለበትን ጋዜጣ ሳይጥሉ ያመጡላቸው ነበር። የጎሚስታው ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በዚያ ተለጥፏል።

ውድድር በሬዲዮ ሲተላለፍ አባትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሬዲዮኑን ሽቦ ዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ያስሩታል። አግዳሚው ላይ ጠጠር ይደረድራሉ፤ እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ተወዳዳሪ ነው። ሰውየው ሬዲዮ ውስጥ እገሌ ቀደመ ባለ ቁጥር ሐጂራ ጠጠሩን ትገፋለች። ነጩ ጠጠር ወልደማርያም ነው። ወልደማርያም የአስመራ ልጅ ነው፣ ዳገት ላይ የሚደርስበት የለም የተባለለት። ነጩ ጠጠር ወደ ኋላ ከቀረ ኢብራሂም ሐጂራ ሳታይ በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል።

"አባዬ፣ አየሁዎት።"

"ምን አየሽ? ንፋስ ነው።"

"ንፋስ ጠጠር ይገፋል?"

"የሮቢት ንፋስ ይገፋል።"

እንዲህ እያሉ ይስቁ ነበር። ሐጂራ በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ ደስታ አልነበራትም፣ ኋላም አላገኘችም።

ወልደማርያምን በዓይናቸው ያዩትም አንድ ቀን ነው። ተወዳዳሪዎቹን የጫነ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ሲመለስ ለምሳ ወንድሙ ሆቴል ቆመ። ወንድሙ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ያለው የሆቴል ባለቤት ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ረዥም ቀጭን ልጅ ቸርኬ ይዞ መንገዱን ተሻገረና፣ "አቦይ፣ ይቺን ታዩልኛላችሁ?" አለ። ኢብራሂም ቀና ብለው አዩትና ከዚያ ግድግዳውን አዩ። ግድግዳው ላይ ያለው ፊት ደጃቸው ላይ ቆሟል።

ጎማውን ማስቲሽ ቀብተው፣ አድርቀው፣ ነፍተው፣ በምራቅ ፈትሸው ሰጡት። ፓፓያ ቆርጠው አቀረቡለት። ልጁ በልቻለሁ አለ። በሞቴ አሉት። ኧረ ጠግቤያለሁ አለ። አፈር ስሆን አሉት። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠና ሙሉውን ፓፓያ ጨረሰው። ኢብራሂም ለሐጂራ በዓይናቸው ጠቀሱ። እሳቸው ራሳቸው በሰው ቤት ሦስት ጊዜ ሳይለመኑ ቁራሽ አይቀምሱም፤ ያልተግደረደረ እንግዳ ያላደገ ሰው ነው ብለው ያምናሉ። "ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ" የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ይተርታሉ እንጂ ለራሳቸው አይሠራም።

ወልደማርያም ሲሄድ ከራሱ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ለሐጂራ ሰጣት። "ይዘሽ ቆዪልኝ" አላት። "የጣርማ በርን ዳገት አንደኛ ሆኜ የወጣሁ ለት መጥቼ እወስደዋለሁ።" ኮፍያው ከሬዲዮኑ በላይ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ኢብራሂም ለሚመጣው ሹፌር ሁሉ፣ "አደራ ነው፣ እንዳትነካው" ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይነካው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በግንቦት ታላቁ ውድድር መጣ፤ ከአስመራ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባው። ተወዳዳሪዎቹ ከኮምቦልቻ ተነስተው ደብረ ብርሃን በሚያድሩበት ቀን ሸዋ ሮቢትን ያቋርጣሉ። ጋዜጣው ከሳምንት በፊት ደረሰ፤ ሙሉ ገጽ ነው። ሐጂራ የተወዳዳሪዎቹን ስም ለአባቷ አነበበች፣ የየቀኑን መንገድ አነበበች። ከታች በደቃቅ ፊደል "የውድድሩ ደንብ" የሚል አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥራ ሁለት። የዚያን ቀን የጓደኛዋ የዘምዘም ሠርግ ነበር፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማታል። ዓይኗ ደንቡ ላይ ወረድ ወረድ ብሎ ሰባተኛው ላይ አረፈ። የተወዳዳሪ ጎማ ቢተነፍስ ራሱ ይለውጣል፣ አለዚያ ከቡድኑ መኪና ይቀበላል፤ ከመንገድ ሰው እርዳታ የተቀበለ ይሰረዛል ይላል። ደንቡን ሳታነብላቸው ጋዜጣውን አጠፈችው።

"አለቀ?" አሉ ኢብራሂም።

"አለቀ።"

ደንብ ደግሞ ለማን ይጠቅማል ብላ ነው። እሷም አባቷም አይወዳደሩ።

የውድድሩ ቀን የሮቢት ፀሐይ እንደ ልማዷ ሰው ልትገድል ወጥታለች። ከተማው በሙሉ መንገድ ዳር ከተወጠረው ገመድ ኋላ ተሰልፏል። ከአጣዬ የመጣ ሹፌር፣ ወልደማርያም ብቻውን ከፊት እንደሆነና የቡድኑ መኪና ግን ከግመል መንጋ ኋላ እንደቀረች አወራ። ኢብራሂም ነጩን ጠጠር ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ድልድዩ አጠገብ ቆሙ። ሐጂራ ከጎናቸው ነች፤ የጎማ መንፊያውንም ይዘዋል። ለምን እንደያዙት ስትጠይቃቸው፣ "ሰው ወደ ሥራው ቦታ ባዶ እጁን አይሄድም" አሏት።

ልጁ ድልድዩን ሲሻገር ቀስ አለ። ከዚያ ቆመ። የኋላ ጎማው በግራር እሾህ ተወግቶ ተነፍሷል። ሰዉ ኡኡ አለ። ወልደማርያም ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ኮርቻው ሥር አጥፎ የያዘውን መለዋወጫ ጎማ አውጥቶ ቸርኬውን መፍታት ጀመረ። ጣቶቹ በላብ ይሟልጫሉ። ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ የተከታዮቹ አቧራ ከአጣዬ በኩል ብቅ ብሏል።

ኢብራሂም ገመዱን አልፈው ገቡ። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" አሉና ቸርኬውን ከእጁ ያዙ።

"አይሆንም አቦይ፣ እኔው ልሥራው" አለ ወልደማርያም።

"አንተ ቁጭ በል፣ እንግዳ ነህ።"

"ይከለከላል አቦይ። ይተዉኝ።"

ኢብራሂም ፈገግ አሉ። የእውነት የሚከለከል አልመሰላቸውም። በእሳቸው አገር ጨዋ እንግዳ እንዲህ ነው የሚለው፤ እኔው ልሥራው፣ አይልፉ፣ ይተዉ። ፓፓያውንስ መጀመሪያ እንቢ ብሎ አልነበረም? "በሞቴ" አሉት። "አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ ልቀቅ።"

ልጁ ቸርኬውን እንደያዘ አያቸው። ከዚያ እጁ ላላ።

ሐጂራ ሰባተኛው ደንብ ትዝ አላት። አፏን ከፈተች። ግን የአባቷን ፊት አየች። ያን ፊት ያየች ልጅ ምን ትበል? ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ጎማ ሲያንከባልሉ የኖሩ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት የዓለም ሥራ ሁሉ እጃቸው ላይ የገባ መስሏቸው ያበራሉ። ማን ያያል አለች በልቧ። አፏን ዘጋች። እንዲያውም ቢስሚላህ ብለው አዲሱን ጎማ ቸርኬው ላይ ስበው ሲያስገቡ፣ መንፊያውን ተቀብላ የነፋችው እሷ ነች።

ሲጋራ እስኪያልቅ ያህል እንኳ አልቆዩም። ወልደማርያም ወጣ፤ ኢብራሂም ኮርቻውን ይዘው አሥር እርምጃ አብረው ሮጡና ገፍተው ለቀቁት። "አላህ ይከተልህ" አሉ። ከድልድዩ ወዲህ ጥላ ሥር ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ የነበረ ዳኛ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ያየችው ሐጂራ ብቻ ነች።

አመሻሽ ላይ ግማሹ ከተማ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንድሙ ከሆቴሉ ወንበር አስወጣ። ኢብራሂም ነጩን ጠጠር ከሁሉ ፊት አስቀምጠው ጋቢያቸውን አደላድለው ተቀመጡ። ሬዲዮኑ፣ ወልደማርያም ጣርማ በርን አንደኛ ሆኖ እንደወጣ፣ ደብረ ብርሃንም አንደኛ እንደገባ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። ሬዲዮኑ ቀጠለና፣ ሆኖም ሸዋ ሮቢት ላይ ከደንብ ውጭ ጎማውን በመንገድ ሰው ስላሠራ ከውድድሩ ተሰርዟል አለ።

ጭብጨባው ከመሐል ተቆረጠ። ኢብራሂም ሬዲዮኑን አልዘጉትም። ስለ ዝናብና ስለ ቡና ዋጋ እስኪናገር ድረስ ሲያዳምጡ ቆዩ፣ ተሳስተን ነው ይል ይሆናል ብለው። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ከዚያ ወደ ሐጂራ ዞሩ።

"ያ ወረቀት ላይ ይኸ ነገር አልነበረም?"

"አልነበረም" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐጂራ ቃሉን ለመመለስ ያን ማታ አሰበች፣ በማግስቱም አሰበች። እያደረ ግን ከበዳት እንጂ አልቀለላትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች ውሸት ተናግረው አያውቁም መሰለኝ።

ከተማው ደግሞ ምሕረት የለውም። "ጎሚስታው የነፋውን ሁሉ ሲነፋ ኖሮ ወልደማርያምን አስተነፈሰው" ተባለ። ኢብራሂም እንዳልሰማ ሆነው ይሠሩ ነበር። ሬዲዮኑ ላይ ጨርቅ ጣሉበት። ነጩ ጠጠር ከኪሳቸው አልወጣም፤ ሲሰግዱ አውጥተው ምንጣፉ ዳር ያስቀምጡታል፣ ሲጨርሱ መልሰው ይይዙታል። ኮፍያውን ቀና ብለው አያዩትም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ "ባለቤቱ ጣርማ በርን ወጥቷል፤ ግን አልመጣም" አሉ።

በጥቅምት ወባ አልጋ ላይ ጣላቸው። የቆላ ሰው ወባ አይፈራም፤ የዚያን ዓመቱ ግን ሌላ ነበር። ይለቃቸውና ይመለሳል፣ ሲመለስ ብሶ ነው። በኅዳር እንደማይተርፉ ራሳቸው አወቁት። ሐጂራን ጠርተው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አሏት።

"የሰው ሐቅ ይዤ አልሞትም" አሉ። "አላህ የራሱን ይምራል። የሰውን ሐቅ ግን ሰውየው ካልማረ እሱም አይምርም። ለወልደማርያም ጻፊልኝ፤ አውፍ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።"

ሐጂራ ጻፈች። ሰላምታውን ጻፈች፣ ጤናውን ጠየቀች፣ የእንጀራህን ገመድ የበጠስኩት እኔ ነኝ የሚለውን ጻፈች። ኢብራሂም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ቀጥዪ" አሉ። "ደንቡን ልጄ አስቀድማ አንብባልኝ ነበር። ረስቼ ነው ማለት አልችልም። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም አይደለም።"

እስክሪብቶው ቆመ።

"አባዬ።"

"ጻፊ።"

"አባዬ፣ እኔ ኮ..."

"ጻፊ አልኩሽ። ደክሞኛል።"

ጻፈች። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። የአስመራ አውቶቡስ ሹፌር ለብስክሌት ማኅበሩ ሊያደርስ ተቀብሎ ሄደ። ሐጂራ፣ አባቷ ደንቡን ከማን ሰሙ ብላ፣ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ሆቴል ተሻገረች።

"ጋሽ ወንድሙ፣ አባቴ ያን ጋዜጣ ለእርስዎ አሳይተው ያውቃሉ?"

ወንድሙ ብርጭቆ ይጠርግ ነበር። "ውድድሩ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው ያመጣው" አላት። "ሰባተኛውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ለሐጂራ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኛል። ይኸው አሁን መሐላዬን በላሁ።"

እንግዲህ ስድስት ወር ሙሉ አውቀው ኖረዋል። "አልነበረም" ያለቻቸውን ይዘው፣ በእጇ በልተው፣ በእጇ ጠጥተው። ሐጂራ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሄዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ፈለገች። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ልጠብቅ አለች፤ ወልደማርያም ደግ ልጅ ነው፣ አውፍ ይላቸዋል፣ ያኔ ልባቸው ሲቀል እነግራቸዋለሁ። ሁልጊዜ ትንሽ ልጠብቅ የምትል ልጅ ነበረች።

መልሱ የመጣው በጥር ነው። ኢብራሂም በዚያን ጊዜ መቀመጥ አቅቷቸዋል፤ ፊታቸው አጥንት ብቻ ሆኗል። ፖስታውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ነጩን ጠጠር በሌላው እጃቸው ይዘዋል።

"ዛሬ ሳትዘልዪ አንብቢልኝ" አሉ።

ቁጣ የለበትም። እንደ ልመና ነው የተናገሩት። ሐጂራ ወረቀቱን ከፈተች፣ ዓይኗ ሮጦ ታች ደረሰ፣ መጨረሻውን አየችው። መዝለል ትችል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘል ኖራ፣ መዝለል የሚያድንበት ቀን ሲመጣ ሳትዘልዪ ተባለች። አነበበች።

"ለተከበሩ አቦይ ኢብራሂም። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያን ዓመት ባሸንፍ ወደ ውጭ አገር ከሚላኩት ጋር ይልኩኝ ነበር፤ ቀረ። ማኅበሩም አሰናበተኝ። ዛሬ ወፍጮ ቤት እሠራለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እስከ ዛሬ አልተቀየምኩዎትም ነበር። ሽማግሌው አላወቁም፣ እንግዳ የሚግደረደር መስሏቸው ነው፣ እኔም በሞቴ ሲሉኝ እጄ ላልቷል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን ግን ደንቡን አስቀድመው ሰምተው እንደነበር በራስዎ ቃል ጻፉልኝ። እያወቁ ነው እንግዲህ የያዙኝ። ብዙ ቀን አሰብኩበት። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ኮፍያውን የፈለጋችሁትን አድርጉት። ወልደማርያም።"

"ጨረስሽ?" አሉ ኢብራሂም።

"ጨረስኩ።"

"ደህና አነበብሽ።"

ሐጂራ እግራቸው ላይ ወደቀች። "እኔ ነኝ አባዬ፣ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ድልድዩም ላይ አውቄ ነበር፣ ዝም ያልኩት አውቄ ነው" እያለች አለቀሰች። ኢብራሂም እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። "አውቃለሁ" አሉ። "ወንድሙ አንብቦልኛል። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የጠበቅሁት።"

"አሁኑኑ እጽፍለታለሁ። እውነቱን እጽፍለታለሁ።"

"አትጽፊ።"

"እጽፋለሁ አባዬ። አውፍ እንዲልዎት እጽፋለሁ።"

"ያልኩትን ብያለሁ። በስተርጅና አባትሽን ዋሾ አታድርጊው። በሞቴ፣ አትጽፊ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት አረፉ። ከማጀቴና ከአሊዩ አምባ ድረስ ሰው መጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቆፈረ፣ ወንድሙ ሆቴሉን ዘግቶ ቀብሩ ላይ አፈር መለሰ። ከቀብሩ በፊት ገናዦቹ የሟቹን እጅ ሲያቃኑ ጠጠሯ ወደቀች። ሐጂራ አነሳቻት።

ከዚያ ወዲህ የአስመራ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሐጂራ ብድግ ትላለች። በእነሱ አገር እምቢ ያለ ሰው ሦስት ጊዜ ይለመናል፤ አባቷም በሕይወታቸው በመጀመሪያው እሺ ብለው አያውቁም። እሷ እጽፋለሁ ያለችው ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን አላለችም። ሦስተኛውን ብትላቸው እሺ ይሉ እንደነበር ወይም እንቢታቸው እንደ ወልደማርያም እንቢታ የእውነት እንደነበር፣ የምትጠይቀው ሰው የለም። በሞቴ ብለው አስረዋት ሄደዋል፣ ሞተዋልም።

ለወልደማርያም የጻፈችው ደብዳቤ ሣጥኗ ውስጥ፣ ኮፍያው ሥር አለ። ከአንደኛው ደንብ እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ ከዘምዘም ሠርግ እስከ ድልድዩ፣ አንዲት ቃል አልዘለለችም። አልላከችውም።